ትምህርት ቤታችንን የዘጋችው ሴት

አርዲስ ቶለፍሰን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ተመርጣ አንድ ጊዜ ተሸንፋለች። በቶርንተን አውራጃ ስሟ ሲነሳ ግን ሰዉ የሚያወራው ስለዚያች አንዷ ሽንፈት ነው። እኔም የአውራጃው ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ በነበርኩበት ዘመን ስለ እሷ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ሰው ቆርጦ ያስቀመጠው ግን በተሸነፈችበት ሰሞን ያወጣሁትን ርዕሰ አንቀጽ ነው። ዛሬ ምነው ባልጻፍኩት የምለውም እሱኑ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ልናገር።

አባቷ በድርቁና በአቧራው ዘመን እርሻውን አጥቶ በሰው መሬት ላይ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። እሷ ከተማችን ብሩንስዴል ካለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንደኝነት ወጥታ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቷ አውራጃው ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠረች። በአሜሪካ ዳኮታ ሜዳ ላይ ባለው አውራጃችን የእያንዳንዱ ሰው መሬት ወሰን በጣቷ ስር አለፈ። የማን አጥር የማን መሬት ውስጥ እንደገባ ታውቃለች፤ አታወራም። ሜርሊን የሚባል ስንዴና በቆሎ አምራች አገባች፤ ሜርሊን ቃል ከአፉ በስንት ጉትጎታ የሚወጣ፣ የሰው ነገር ውስጥ የማይገባ ሰው ነበር።

በሠላሳ አንድ ዓመቷ ተወዳድራ የአውራጃው ጸሐፊ ሆነች። ጸሐፊው ምርጫ አስፈጻሚም ስለሆነ፣ የገዛ ስሟ ያለበትን ድምፅ የምታስቆጥረው እሷው ነበረች። ቆጠራው ሲጀመር የድምፅ ሳጥኑን ቁልፍ ለምክትሏ ታስረክብና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ሹራቧን ትሠራለች። ውጤቱን ከሁሉም ሰው በኋላ ነው የምትሰማው። አቤቱታ ይዞ የመጣን ሰው ደግሞ ከመስኮቱ ወዲያ አታቆመውም፤ ወንበር ስባ ታስቀምጠውና እስኪጨርስ ትሰማዋለች። «እናያለን» የምትለው ቃል ከአፏ አይወጣም። የሚሆነውን ይሆናል፣ የማይሆነውን አይሆንም ብላ፣ ምክንያቱን ነግራ ትሸኘዋለች። እንዲህ ያለውን ሰው ወዲያው አትወደውም፤ ከጊዜ በኋላ ግን ከሌላው ይልቅ ወደሱ ትሄዳለህ።

አራት ጊዜ በጸሐፊነት ከተመረጠች በኋላ፣ በግዛቱ ምክር ቤት የሚወክሉን ሽማግሌ ጆሯቸው ደከመና ወንበራቸውን ለቀቁ። ቡና ቤት የሚሰበሰቡት ወንዶች ለቦታው የአምስት ሰው ስም ሲያወጡና ሲያወርዱ ሰነበቱ። የእሷን ያነሳ አልነበረም። እሷ ደግሞ አንድ ቀን ምሳ ላይ ለሜርሊን እወዳደራለሁ አለችው። ሜርሊን ሾርባውን ጨርሶ፣ ክረምቱን ማን ሊያበስልልኝ ነው ብሎ ብቻ ጠየቀ።

ያን በጋ ከእርሻ እርሻ እየነዳች ሰዉን ባለበት ሄዳ አነጋገረች። አንዱ ገበሬ ኮምባይነሩ ስር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ነበር የሚታያት።

«ማነሽ?» አለ ከስር።

«አርዲስ ቶለፍሰን ነኝ። ለምክር ቤት እየተወዳደርኩ ነው።»

«እንግዲያው የግማሽ ኢንቹን መፍቻ አቀብይኝ።»

አቀበለችው። ትንሽ ቆይቶ፣ «ሜርሊን ምን ይላል?» አላት።

«እንቁላል መጥበስ እየተማረ ነው።»

ሰውዬው ሲስቅ መፍቻው ከእጁ አምልጦ ግንባሩ ላይ ወደቀበት። ጠባሳውን እስኪሞት ድረስ ለሰው ሲያሳይ ኖረ፤ የቤተሰቡንም ስድስት ድምፅ አስገባላት።

በግዛቱ ምክር ቤት ሦስት ጊዜ ተመረጠች። ስብሰባው ከጥር እስከ መጋቢት ነው፤ ዋና ከተማው ከእኛ አራት ሰዓት ያስነዳል። ከአንዲት ባሏ ከሞተባት ሴት ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ትቀመጥና፣ መንገዱ በበረዶ ካልተዘጋ ቅዳሜና እሑድን ቤቷ ትመጣለች። የትምህርት ኮሚቴ ውስጥ መደቧት። ሴት ስለሆነች ነው፤ እሷም አውቃዋለች።

ነገሩ የጀመረው ኮሪን ኔስ በምትባል ልጅ ነው። ኮሪን ዘጠኝ ተማሪ ባለው ክፍል አንደኛ ወጥታ ነርስ ልትሆን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። ኅዳር ሳያልቅ ተመለሰችና ግሮሰሪው ውስጥ ዕቃ መደርደር ጀመረች። ከተማው ናፍቆት አስቸግሯት ነው ብሎ አወራ። አርዲስ ግን ዱቄት ልትገዛ በገባችበት ቀን በቀጥታ ጠየቀቻት።

«ሰነፍ ሆኜ አይደለም፣ ወይዘሮ ቶለፍሰን» አለቻት ልጅቷ። «የኬሚስትሪው መምህር 'ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ' ብሎ ዘለለው። ክፍሉ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ሰምቼው አላውቅም።»

አርዲስ ዱቄቱን መኪናዋ ላይ ጥላ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ኬሚስትሪ የሚያስተምረው የቅርጫት ኳስ አሠልጣኙ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ አልዋሻትም። እኔም ገና እየተማርኩት ነው፣ ዋዜማውን አንብቤ በማግስቱ እነግራቸዋለሁ አላት። ላቦራቶሪው ውስጥ ያየችው የተጣጠፉ ወንበሮችንና የገና ቲያትር ዕቃ ነው።

በሦስተኛው ዘመኗ ላይ፣ ከአርባ አምስት ተማሪ በታች ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃድ የሚል ረቂቅ ሕግ ቀረበ። የብሩንስዴል ተማሪዎች ሠላሳ ስምንት ነበሩ። የሚዋሃዱት ከዌንዴል ጋር ነው፤ ሃያ ሁለት ማይል ርቀት ላይ፣ በሌላ አውራጃ ውስጥ፣ ለአርባ ዓመት በቅርጫት ኳስ ስንሸናነፍ ከኖርነው ከተማ ጋር።

የፓርቲዋ መሪ የእሷን ችግር ያውቃል፤ ሰውም አይጎዳም። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጠጋ ብሎ፣ «ስምሽ ሲጠራ ውሃ ልትጠጪ ወጥተሽ ነበር ማለት ይቻላል፤ ያለ አንቺም ያልፋል» አላት። ተነሳች። ይህን ራሷ ናት ከብዙ ዓመት በኋላ የነገረችኝ፤ በእርግጥም ተነስታ እስከ በሩ ድረስ ሄዳ ነበር። እጇ በሩ ላይ እንዳለ ስሟ ተጠራ። ዞር ብላ እዚያው በሩ ላይ ቆማ «አዎ» አለች።

ቅዳሜ ዕለት በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ስብሰባ ጠራች። ሕዝቡ ከታች እስከ ላይ ሞላው። ከሜዳው መሃል ቆማ ያለ ድምፅ ማጉያ ሕጉን አስረዳች፣ ምን ድምፅ እንደሰጠችም ተናገረች። ከዚያ ዴልበርት ሻል ተነሳ። ዴልበርት የእርሻ መሣሪያ ነጋዴና የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ ነው፤ ድምፁ ወፍራም፣ ቁጣው ቶሎ የሚመጣ ነበር። ያን ቀን ግን አልጮኸም።

«አርዲስ፣ አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። አንቺ የተማርሽው የት ነው?»

«እዚሁ።»

«ታዲያ ምን ጎደለሽ?»

«ምን እንደጎደለኝ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም፣ ዴልበርት።»

አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። ሰላሳ ዓመት ያስተማሩ አንዲት ሴት መምህርት መሃረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ፤ አርዲስንም ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን የሰማ ያለ አይመስለኝም። ኮሪን ኔስ ከእናቷ ጋር አራተኛው ረድፍ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። አርዲስ የእሷን ነገር ብትናገር የግማሹ ሰው ልብ በተለሳለሰ ነበር። አልተናገረችም። እኔም አላወቅኩም፤ ጋዜጣዬ ላይ ከእኛው ወጥታ በእኛ ያፈረች ብዬ ጻፍኩባት።

በሰኔው የፓርቲ ቅድመ ምርጫ ዴልበርት ሻል ተወዳደራትና ከአራት ድምፅ ሦስቱን ወሰደ። በዚያው ዓመት መከር ላይ በሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የምሳ ግብዣ ነበር። አርዲስ እንደ ወትሮዋ በሥጋና በድንች የተጋገረ አንድ ትልቅ ትሪ ይዛ መጣች። ያ ትሪ ከረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ማንኪያ ሳይነካው ወደ ቤቷ ተመለሰ። ሜርሊን ሦስት ቀን እሱን በላ። በአራተኛው ቀን የቀረውን ለውሻው ሰጠና፣ «ቢያንስ አንድ ድምፅ አግኝተሻል» አላት። በጠቅላላው ነገር ላይ ሜርሊን የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጆቹን ዌንዴል የሚያመላልስ አውቶቡስ መጣ። ሹፌር ግን አልተገኘም። ጊዜ ያለው ሁሉ፣ የራሳችንን ልጆች ለዌንዴል አስረካቢ አልሆንም አለ። ትምህርት ሊጀመር አሥር ቀን ሲቀረው፣ አርባ ስድስት ዓመት የሞላት የቀድሞዋ የምክር ቤት አባል የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና ወስዳ፣ በሁለተኛው ሙከራ አለፈች።

የመጀመሪያው ቀን ወላጆች በየቤታቸው መግቢያ ቆመው፣ ሰላም ሳይሏት ልጆቻቸውን አስገቡ። አውቶቡሱ ውስጥ እስከ ዌንዴል ድረስ የተነፈሰ አልነበረም። ልጅ ግን እንደ ትልቅ ሰው ብዙ አኩርፎ አይቆይም። በሁለተኛው ወር «የተከበሩ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር።

«የተከበሩ፣ ቀዘቀዘን፤ ማሞቂያውን ይጨምሩልን» ይላል አንዱ ከኋላ።

«ሐሳቡ ለኮሚቴ ተመርቷል» ትላለች በመስታወቱ እያየችው።

«ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?»

«አንተ መስኮቱን ስትዘጋ።»

እንዲህ እየተባለ ሰባት ዓመት አለፈ። ከእርሻዎቹ የሚመጣው ፒስታ መንገድ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በወገቧ አወቀችው። ከሁሉ የሚያሳስባት ግን ጅረቱ ላይ ያለው አሮጌ የእንጨት ድልድይ ነበር። አውቶቡሱ ሲያልፍበት የሚሰማው ድምፅ ተለውጧል አለች። ለአውራጃው ኮሚሽነሮች በጽሑፍ አመለከተች። ኮሚሽነሮቹ አምስት ናቸው፤ መንገዱና ድልድዩ የእነሱ ነው። ድልድዩ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል የሚል መልስ ላኩላት። ደግማ ጻፈች። ለአራተኛው ደብዳቤ መልስም አልመጣም።

ከዚያ በኋላ በገዛ ሥልጣኗ አንድ ነገር አደረገች። ድልድዩ ጋ ስትደርስ አውቶቡሱን ታቆምና ልጆቹን ታስወርዳለች። እነሱ በእግር ተሻግረው ማዶ ይጠብቋታል፤ እሷ ባዶውን አውቶቡስ ቀስ ብላ ታሻግራለች። በየጠዋቱና በየከሰዓቱ፣ ነፋሱም ቢነፍስ፣ በረዶውም ቢወርድ። የወላጆች ስልክ ጎረፈ። አሮጊቷ አብዳለች ያለም ነበር። ትምህርት ቤቱ ሊያስጠነቅቃት ጠራትና፣ ልጆቹን አሳፍራ እንድታሻግር በጽሑፍ ካዘዟት እንደምትፈጽም ነገረቻቸው። የሚፈርም ሰው አልተገኘም።

በኅዳር አንድ ቀን ዴልበርት ሻል በዚያ ሲያልፍ የልጅ ልጁን ትሬናን ኮፍያዋን በሁለት እጇ ይዛ ነፋስ እየገፋት ድልድዩን ስትሻገር አያት። ከፒካፑ ዘሎ ወረደ። በምክር ቤቱ ወንበር ላይ ስምንተኛ ዓመቱ ነበር፤ ከአዳራሹ ስብሰባ ወዲህ ከአርዲስ ጋር ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«ልጆቹን በብርድ ልትገድያቸው ነው?» አላት።

«ውረድና እይ» አለችው።

ሁለቱ ቁልቁለቱን ተደግፈው ወርደው ከድልድዩ ስር ገቡ፤ እሱ በከተማ ጫማው። አርዲስ መሃለኛውን ምሰሶ በጣቷ አሳየችው። ዴልበርት የኪስ ቢላውን አውጥቶ ወጋው። ቢላው እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ነቅሎ ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ያው ነው።

«ስንት ጊዜ ነገርሻቸው?»

«አራት ጊዜ፤ በጽሑፍ።»

«ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተን አላናግርህም ነበራ።»

ዴልበርት ቢላውን በሱሪው ጠርጎ አጠፈው። «ለኮሚሽነርነት ተወዳደሪ» አላት በመጨረሻ። «ከኔ ጋር የተኳረፈ ሁሉ ይመርጥሻል።»

«ከኔ ጋር የተኳረፈውስ?»

«እሱን እኔ አነጋግረዋለሁ።»

አነጋገረውም። በሚቀጥለው ምርጫ በፒካፑ እያዞራት በየበሩ አንኳኳ። በዚያው ሰሞን ኮሪን ኔስ እናቷ ሞተውባት ልትቀብር መጣች። ከግሮሰሪው ከወጣች በኋላ ዌንዴል ሄዳ የማታ ትምህርት እንደገና ጀምራ፣ ነርስ ሆና ነበር። ከቀብሩ በኋላ ጋዜጣው ቢሮ ገብታ ከዱቄቱ ቀን ጀምሮ ያለውን ነገረችኝ። አርዲስ በዚያ ስብሰባ ላይ ስሟን ያላነሳችው ለእሷ ብላ እንደሆነም ጨመረችልኝ። በማግስቱ አርዲስ ዘንድ ሄጄ ስህተቴን በጋዜጣው ላርም፤ ፍቀጂልኝ አልኳት። አውቶቡሱን እያጠበች ነበር።

«ስለ ኮሪን አንድ ቃል እንዳትጽፍ» አለችኝ። «ስለ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የጻፍከው የሰዉን ስሜት ነው፣ ሎዌል። እሱም እውነት ነበር። ተወው።» ቱቦውን ሰጥታኝ የኋላውን መስታወት እንዳጥብ አዘዘችኝ፤ አጠብኩ።

በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ልዩነት አሸነፈች። በመጀመሪያው ስብሰባዋ ያቀረበችው የመጀመሪያ ሐሳብ ድልድዩ በዚያው ሳምንት እንዲዘጋ ነበር፤ ሦስት ለሁለት አለፈ። እንደገና ሰው አኮረፋት። እህል የሚያጓጉዘው ገበሬ አሥራ አንድ ማይል ሊዞር ሆነ፤ እሷ ራሷ አውቶቡሷን በዚያው ዙሪያ ትነዳለች፤ ልጆቹም ከወትሮው ሃያ ደቂቃ ቀድመው ይነሳሉ። አዲስ ድልድይ እስኪፈቀድ ሁለት ዓመት አለፈ። በሁለተኛው ጸደይ በረዶው ቀልጦ ጅረቱ ሲሞላ፣ ተንሳፍፎ የመጣ የበረዶ ግግር የድልድዩን መሃል ይዞት ሄደ። ሰው አልነበረበትም። ፎቶውን በፊት ገጽ ላይ አወጣሁት። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሁሉም እሷ አንድ ነገር እንድትል ይጠብቅ ነበር። እሷ ስለ መንገድ ዳር አረም ማጨድ ነው የተናገረችው።

በኮሚሽነርነት ሁለት ዘመን አገልግላ፣ በስድሳ አንድ ዓመቷ ከወንበሩም ከአውቶቡሱም ወረደች። ብሩንስዴል በዚያን ጊዜ ተመናምናለች። ግሮሰሪው ተዘግቷል፤ ቡና ቤቱም፤ የትምህርት ቤቱ ሕንጻ ጣሪያው ተቀድዶ እርግብ ገብቶበታል። አውራ ጎዳናው ላይ መብራት የሚበራው በሦስት ቤት ነው፤ አንዱ የኔ ጋዜጣ ነበር፣ እሱም ብዙ አልቆየም። ሰዉ ይህ ሁሉ የመጣው ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ነው ይላል። ሌሎች ደግሞ ትምህርት ቤታቸው ያልተዘጋ ከተሞችም እንዲሁ ባዶ ሆነዋል ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ማስረጃ አያጣም።

ሜርሊን ከሞተ በኋላ ዌንዴል ውስጥ ትንሽ ቤት ገዝታ ገባች፤ ዶክተሩ እዚያ ነው። አልፎ አልፎ እየሄድኩ አያታለሁ። አንድ ቀን በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን፣ ለብዙ ዓመት የያዝኩትን ጥያቄ ጠየቅኳት። ልክ ነበርኩ ትያለሽ ወይ አልኳት።

«ልጆቹ በደንብ ተማሩ» አለች። «ከተማዋ ደግሞ ባዶ ሆነች። አንዱን ይዤ ሌላውን እንዳላየሁ መሆን አልችልም።»

«ያ ቀን ቢመለስ ድምፅሽን ትለውጫለሽ?»

«አልለውጥም።» ከዚያ ሌላም ጨመረች። «ግን ቅዳሜ ድረስ አልጠብቅም ነበር። ድምፁን ከሰጠሁ በኋላ መጥቼ ነው የነገርኳችሁ፤ ከመስጠቴ በፊት መጥቼ ልጠይቃችሁ ይገባኝ ነበር። 'አዎ' ማለቴ አይቀርም። እናንተም መቆጣታችሁ አይቀርም። ግን ዴልበርት ያን ጥያቄ ሲጠይቀኝ መልሱ ገና የሚጠቅምበት ጊዜ ይሆን ነበር። የበደልኳችሁ እሱ ላይ ነው። በእሱ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልከሰሰኝም።»

ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እኔ ከሄድኩ በኋላ የፈለግከውን አድርግ አለችኝ።

በሰባ ሰባት ዓመቷ፣ በጥቅምት፣ በቆሎ በሚሰበሰብበት ሳምንት አረፈች። ከብሩንስዴል በኩል ወደ ቀብሯ የመጣነው ከሠላሳ አንበልጥም ነበር፤ ፓስተሩ ሲጸልይ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ የኮምባይነሮቹ ድምፅ ይሰማ ነበር። የሚቀጥለው ቀን ዝናብ እንደሚጥል ሬዲዮው ተናግሯል። ስለዚህ የቀረውን ሰው ማንም አልታዘበውም፤ እሷም ብትሆን መጀመሪያ እህሉን አስገቡ ትል ነበር።